መጠጥ ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጠገብዎ ማን ይቁም? ድጋፍ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

መጠጥ ላቆመ ሰው ጠዋቱ ብዙም አይከብደውም። ጠዋት ጸጸቱ ትኩስ ነው፤ «ከእንግዲህስ በቃኝ» ለማለት ጉልበት አይጠፋም። የሚከብደው አመሻሹ ነው። ሥራ ያልቃል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እጅ የለመደውን ብርጭቆ መፈለግ ይጀምራል። ሰውየው ስልኩን አንስቶ ስሞቹን እያየ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት መቶ ስም አለ። የሚደውልለት ግን ያጣል። ግማሾቹ አብረውት የሚጠጡ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ስለ መጠጡ የሚያውቁት ነገር የለም። ስልኩን ያስቀምጥና ጫማውን ያደርጋል።

ይህን የምጽፈው ለዚያች ሰዓት ነው። እኔም አልፌባታለሁ፤ ካለፉባት ሰዎች ጋርም ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ አምሮት የያዘው ሰው አዲስ ነገር ማሰብ እንደማይችል፣ የተዘጋጀለትን መንገድ ግን መከተል እንደሚችል ነው። ስለዚህ ድጋፍ የሚፈለገው አምሮቱ ከመጣ በኋላ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፦ ማን እንደሚደወልለት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንደሚባል ሳይቀር አስቀድሞ መሰናዳት አለበት። ከታች ያሉትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ግን በምንም ምክንያት አይዘለልም።

አንደኛ፦ ሐኪም ያነጋግሩ

ብዙ ሰው መጠጥ ማቆም የቆራጥነት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አልኮል አእምሮን የሚያረጋጋውን የተፈጥሮ ሥርዓት ያበረታል፣ የሚያነቃቃውን ደግሞ ያፍናል። አእምሮም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ቀስ በቀስ የማረጋጊያውን ኃይል ይቀንሳል፣ የማነቃቂያውን ይጨምራል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ያ የተጨመረው ማነቃቂያ የሚይዘው ያጣል። እጅ የሚንቀጠቀጠው፣ ልብ የሚመታው፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ እንቅልፍ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሰዓቶቹን ማወቅ ይጠቅማል። ምልክቶቹ በአብዛኛው ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ባለው ሰዓት ውስጥ ይጀምራሉ። የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ባለው ሰዓት ውስጥ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ የሚችለው ነው፦ ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀኑን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ሁለት ቀን አልፎኛል፣ ተርፌአለሁ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

የሐኪም ቀጠሮ ይዘው ቀኑ እስኪደርስ የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ ብቻዎን አይሁኑ። ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ተንፈራግጠው ወይም ተቃዥተው ከሆነ፣ ጠዋት ሲነሱ ያለ መጠጥ እጅዎ የማይረጋ ከሆነ፣ የልብ፣ የጉበት ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ያለ ሐኪም በድንገት አያቁሙ። አስቀድመው ያነጋግሩት። ካቆሙ በኋላ መንፈራገጥ፣ መቃዠት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የማያባራ ትውከት ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲገቡ እውነቱን ይንገሩ። በቀን ምን ያህል እንደሚጠጡ፣ ለስንት ጊዜ እንደጠጡ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጡ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ። ብዙዎቻችን የምንጠጣውን በግማሽ ቀንሰን መናገር ለምዶብናል፤ እዚህ ላይ ግን ቁጥሩ የሚወስነው የሚታዘዝልዎትን መድኃኒት መጠን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለመናገር ካፈሩ በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ እኔ የማውቃቸው በርካታ ሰዎች እንደዚያ ነው ያደረጉት።

ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ እየቀነሰ ሊሰጥዎት ይችላል፤ ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ1ም ያዝዛል። ታያሚኑ ቀላል ነገር አይምሰልዎት። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ይህ ቫይታሚን ይሟጠጣል፤ እጥረቱም አእምሮን በቋሚነት ሊጎዳ ይችላል። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የተረፈ የማረጋጊያ ኪኒን ግን በራስዎ አይውሰዱ። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ሁለተኛ፦ ለአንድ ሰው ይንገሩ

ለሁሉም መናገር አያስፈልግም። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ያ ሰው ግን በደንብ መመረጥ አለበት። ከሁሉ በላይ የሚወዱት ሰው ለዚህ ሥራ የሚስማማ ላይሆን ይችላል። የሚወድዎት ሰው በመጠጥዎ የተጎዳ ሰውም ነው፤ ሲነግሩት የራሱ ቁስል ይነካል፤ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ያለፈውን ያነሳል። ይህ መብቱ ነው። ግን በሦስተኛው ቀን ማታ እርስዎ የሚያስፈልግዎት ያ አይደለም።

ሰውዬውን ሲመርጡ እነዚህን ይዩ። ሲደወልለት ያነሳል? የነገሩትን ሌላ ቦታ አይወስድም? ሲናገሩ ያዳምጣል ወይስ ዓረፍተ ነገርዎን ሳይጨርሱ ምክር ይጀምራል? ራሱ ከመጠጥ ጋር ያለው ነገር ምን ይመስላል? የመጨረሻው ከባድ ጥያቄ ነው። ብዙ የሚጠጣ ወዳጅ፣ ክፋት ሳይኖረው፣ የእርስዎን ማቆም በራሱ ላይ እንደተሰጠ ፍርድ ሊያየው ይችላል። «አንተ እኮ እንደ ሌሎቹ አይደለህም፤ ትንሽ መቀነስ ነው ያለብህ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከእንደዚህ ዓይነቱ ወዳጅ አፍ ነው የሚወጣው።

ሰውዬው ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጠያየቁ ላይ ነው። «እርዳኝ» ብቻ ይላል። የተጠየቀውም ከልቡ «አይዞህ፣ አለሁልህ» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይለያያሉ። «አለሁልህ» ያለ ሰዓትና ያለ ሥራ ሲቀር ይተናል። ስለዚህ የሚጠይቁት ነገር ትንሽ፣ ግልጽ፣ መጨረሻ ያለው ይሁን። ለእኩያ ጓደኛ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ከመጠጥ ጋር ያለኝ ነገር ከእጄ ወጥቷል። ካቆምኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ምክር ፈልጌ አይደለም የደወልኩልህ። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደውለህ እንዴት ዋልክ በለኝ። ከጠጣሁ አልዋሽህም። ብትናደድም ስልኩን አትዝጋብኝ።»

በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ሲሆን ቃሉ ይለወጣል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦

«ጋሼ፣ የማፍርበትን ነገር ልነግርዎት ነው። መጠጥ ለማቆም እየታገልኩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ማታ ብቻዬን መሆን ይከብደኛል። ለአንድ ወር ያህል እነዚያን ሁለት ምሽቶች እርስዎ ጋር ባመሽ ይፈቅዱልኛል? ስለ መጠጡ ባናወራም ግድ የለኝም።»

ሁለቱ ንግግሮች የሚጋሩት ነገር አለ። እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳሉ፣ የሚፈለገውን በሰዓትና በቀን ይናገራሉ፣ የማይፈለገውንም አይደብቁም። መናገር ካቃተዎት በጽሑፍ ይላኩት። ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት በአንድ ጊዜ ላይመጣ ይችላል፤ ጽፈው አስቀምጠው በማግስቱ መላክም ይቻላል፤ ማግስቱ ግን ከማግስት አይለፍ።

እምቢ ካሉዎትስ? ይከሰታል። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ ሰምቶት ሰልችቶታል። ያማል፤ ማቆምዎ ስህተት ነበር ማለት ግን አይደለም። ካሰቧቸው ሰዎች ውስጥ ለሁለተኛው ይደውሉ።

ሦስተኛ፦ ሸክሙን ያከፋፍሉ

አንድ ሰው ሁሉንም ልሸከም ካለ ሁለታችሁም ትደክማላችሁ። በወረቀት ላይ አራት ወይም አምስት ስም ይጻፉ፤ ከየስሙ ጎን አንድ ሥራ። ማታ የሚደውለው አንዱ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋ የጽሑፍ መልእክት ሊላክለት የሚችለው ሌላው ነው። ከሥራ ሲወጡ አብሮ እየሄደ ቤት የሚያደርስዎ ሦስተኛው ነው። በየወሩ ደመወዝ ሲገባ የመጠጡ ገንዘብ እጅ ላይ እንዳይቆይ ለጊዜው የሚያስቀምጥልዎት ሰውም ሊያስፈልግ ይችላል። ስለ መጠጡ ጨርሶ የማያውቅ፣ ግን አብሮ ኳስ የሚጫወት ወይም ፊልም የሚያይ ሰውም ቦታ አለው፤ ለአንድ ሰዓት «የሚታገል ሰው» ከመሆን ማረፍ ትልቅ እፎይታ ነው።

ወረቀቱን ስልክ ውስጥ ብቻ አያስቀምጡት። በር ላይ፣ ቁልፍ በሚሰቀልበት ቦታ፣ ወጥተው ከመሄድዎ በፊት ዓይንዎ በሚያርፍበት ይለጥፉት።

አራተኛ፦ መንገዱን የሄዱ ሰዎች ያሉበት ቡድን ይፈልጉ

እ.ኤ.አ. በ1935 የጸደይ ወራት ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ደላላ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። የመጣበት ሥራ ከሽፏል፤ መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነው። በአንድ በኩል የሆቴሉ ባር፣ በሌላ በኩል ስልክ ነበር። ስልኩን መረጠ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ቁጥር ከማውጫው ላይ እያነሳ መደወል ጀመረ። የፈለገው በመጠጥ የሚሠቃይ ሌላ ሰው እንዲያገናኙት ነበር። በማግስቱ ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኘ፤ ሐኪሙ እንደ እሱ በመጠጥ የተጠመደ ነበር። ሁለቱ ለሰዓታት አወሩ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ማኅበር የተወለደው ከዚያ ወሬ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሳው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ቢል በዚያች ሰዓት የሚመክረውን አልፈለገም፤ የሚያውቅለትን ነው የፈለገው። ሚስት፣ ወንድም፣ ሐኪም የማይሰጡት አንድ ነገር አለ፤ እሱም «እኔም እንደዚያ ነበርኩ» የሚል ቃል ነው።

የዚህ ማኅበር አባል ለመሆን መጠጥ ለማቆም ከመፈለግ በስተቀር የሚጠየቅ ነገር የለም። መዋጮ ግዴታ አይደለም፤ ዕቃ ይዞራል፣ የፈለገ ይጥላል። ስም ሙሉ አይጠየቅም። ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ለማንም ክፍት የሆኑና ከመጠጥ ጋር ችግር ላላቸው ብቻ የሆኑ። ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ የፈለገ ክፍቱን ይምረጥ።

የመጀመሪያው ቀን ያስፈራል። እኔ ከበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ በሦስተኛው ነው የገባሁት። ውስጥ የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ወንበሮች አሉ፣ አንድ ሰው ይመራል፣ ጥቂት ይነበባል፣ ከዚያ ሰዎች በየተራ ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፣ መልስም አይሰጠውም። ተራው ሲደርስዎ «ዛሬ ማዳመጥ ነው የምፈልገው» ካሉ ማንም አያስገድድዎትም። አሥር ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ ካለቀ በኋላም አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስልክ የሚሰጣጡት፣ «ነገም ና» የሚባባሉት በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። አርፍዶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ስብሰባውን አገኘ እንጂ ሰዎቹን አላገኘም።

እዚያ ስፖንሰር የሚባል ነገር አለ። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ መጠጥ ካቆመ የቆየና አዲሱን ሰው በየዕለቱ የሚከታተል፣ የሚደወልለት ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የግድ መያዝ የለበትም፤ ጥቂት ሰዎችን ካዳመጡ በኋላ ንግግሩ ልብዎ ውስጥ የገባውን ይጠይቁ። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር እንዲሆን ይመከራል። ይህ ጥሩ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በእነዚያ ሳምንታት ስሜት ስስ ነው፤ መጽናናትና ፍቅር በቀላሉ ይደባለቃሉ።

የማኅበሩ አካሄድ ከራስ በላይ ስለሆነ ኃይል ይናገራል። አንዳንዱን ይህ ይስበዋል፣ አንዳንዱን ያርቀዋል። ላልተመቸው ሰው ሌሎች አሉ። ስማርት ሪከቨሪ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመ ሲሆን አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ የሚሠራ፣ ከሥነ ልቦና ሕክምና የተወሰዱ ዘዴዎችን የሚያስተምር ነው። ለሴቶች ብቻ የተመሠረቱ ቡድኖችም አሉ፤ በተለይ በወንድ ፊት መናገር የማይችሉትን የያዘች ሴት እዚያ ብትጀምር ይሻላታል። አብዛኞቹ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎችም አሏቸው፤ ካሜራ ሳይከፍቱ መግባት ይቻላል። የሃይማኖት አባት የሚቀርብዎት ከሆኑም ያንን በር ይጠቀሙበት፤ ከሐኪሙና ከቡድኑ ጋር ጎን ለጎን እንጂ በእነሱ ምትክ አይሁን።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም 27 ጥናቶችን፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ አውጥቶ ነበር። ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚያስገቡ የተደራጁ ሕክምናዎች ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በመራቅ ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። አንድ ስብሰባ አይተው ካልወደዱት ግን ቡድኑን ይቀይሩ። አምስት ስድስት ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ ሳይሞክሩ «ለእኔ አይሆንም» አይበሉ።

አምስተኛ፦ ቤተሰብን ከጥበቃ ሥራ ያውጡ

አብሮዎት የሚኖር ሰው ለዓመታት ትንፋሽዎን ሲያሸት፣ ጠርሙስ ሲፈልግ፣ ሰበብ ሲቆጥር ኖሯል። መጠጥ ስላቆሙ ብቻ ያ ልማድ በአንድ ቀን አይጠፋም። ዘግይተው ሲገቡ ዓይንዎን ያያል። ይህ ያናድድዎታል፤ ግን «አታምኑኝም ማለት ነው?» ማለት አይጠቅምም። እምነት የሚመለሰው በንግግር አይደለም።

በምትኩ ተቀምጠው ሦስት ነገር ይስማሙ። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ያለው መጠጥ በሙሉ ይውጣ፤ «ለእንግዳ» የተቀመጠውም ጭምር። ሁለተኛ፣ የሚጠየቅበት አንድ ሰዓት ይኑር፤ ከዚያ ውጪ ስለ መጠጡ አይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ምልክቶቹን ይወቁ፦ መንፈራገጥና መቃዠት ከታየ ለማን እንደሚደወልና የት እንደሚኬድ ሳይፈራ የሚወስን ሰው ይኑር።

ቤተሰቡም የራሱ ድጋፍ ያስፈልገዋል። አል አኖን የሚባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ለጠጪው ሳይሆን ለጠጪው ዘመዶችና ወዳጆች ነው። ሚስትዎ፣ ባልዎ ወይም እናትዎ ወደዚያ ቢሄዱ ስምዎን ለማጥፋት አድርገው አይውሰዱት። እነሱም ተጎድተዋል፤ ሁልጊዜ እርስዎን እየጠበቁ መዳን አይችሉም።

ስድስተኛ፦ አምሮቱ ሲመጣ ምን ይደረግ?

አምሮት ውስጥ ሲሆኑ ካልጠጡ በቀር የማያልፍ ይመስላል። ያልፋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አላን ማርላት አምሮትን ከባሕር ማዕበል ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ይነሳል፣ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ይሰበራል። አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል። ከመጠጡ ጋር ዕድሜ ልክ መታገል የለብዎትም፤ ያቺን ግማሽ ሰዓት ብቻ ማሻገር ነው።

ስለዚህ የተጻፈውን ወረቀት ያንሱና ይደውሉ። ምክንያት መፍጠር፣ ስለ አየሩ ማውራት አያስፈልግም። «አሁን አምሮኛል። ሠላሳ ደቂቃ አብረኸኝ ቆይ» ይበሉ። የመጀመሪያው ካላነሳ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ካላነሳ ሦስተኛው። ማንም ካላነሳ የድምፅ መልእክት ይተዉና ካሉበት ቦታ ይነሱ፤ ሰው ወዳለበት፣ መጠጥ ወደሌለበት ይሂዱ። እየሄዱ መደወልዎን ይቀጥሉ።

የሚደወልለት ሰውም አስቀድሞ ይህን ይወቅ፦ ማሳመን፣ ማስፈራራት፣ ልጆቹን መጥራት አይጠበቅበትም። «የት ነህ? ማን አለ አጠገብህ? ምን በላህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ብትመስልም ብዙ ታደርጋለች። በማገገሚያ ቡድኖች ውስጥ አራት ነገሮች አብረው ሲጠሩ ይሰማሉ፦ ረሃብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነት፣ ድካም። አምሮት ከእነዚህ የአንዱን ልብስ ለብሶ የሚመጣበት ጊዜ ይበዛል። የራበው ሰው ሲበላ፣ ያልተኛ ሰው ጋደም ሲል መጠጡ የሚረሳበትን ጊዜ ደጋግሜ አይቻለሁ። እንቅልፍ በተለይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊዛባ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁት፤ ካላወቁት «ሳልጠጣ ዳግመኛ አልተኛም» የሚል ሐሰተኛ መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ።

የመጠጥ ወዳጆችን በተመለከተ አጭር ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መጠጥ ያለበት ቦታ አይሂዱ። «መሄዴን ለማሳየት ያህል» አይበሉ። የግድ መሄድ ያለብዎት ሥነ ሥርዓት ካለ የማይጠጣ ሰው ይዘው ይሂዱ፣ የሚወጡበትን ሰዓት ቀድመው ይንገሩት፣ እጅዎ ባዶ አይሁን፤ ውኃም ይሁን ለስላሳ ይያዙ። ለሚጋብዝ ሰው «አልጠጣም፣ አመሰግናለሁ» ሙሉ መልስ ነው።

ሰባተኛ፦ የባለሙያና የመድኃኒት ድጋፍ

የመንቀጥቀጡ ሳምንት ካለፈ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ሐኪሙ አይመለስም። ይመለሱ። አለመጠጣትን የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ፤ መኖራቸውን የማያውቀው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል። ናልትሬክሶን መጠጥ የሚሰጠውን ደስታ ያደበዝዛል፤ እንደ ሞርፊን ያሉ፣ ኦፒዮይድ የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎችን የሚወስድ ሰው ግን ሊወስደው አይችልም። አካምፕሮሴት ካቆሙ በኋላ አለመጠጣቱን ለማጽናት የሚሰጥ ነው፤ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት አስቀድሞ ይመረመራል። ዳይሰልፊራም ደግሞ የተለየ ነው፦ መድኃኒቱን ወስዶ የጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ለሕይወት የሚያሰጋም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ከአልኮል ጋር ሊጣላ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ሳያውቅ በምግብ ውስጥ ደብቆ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ቤተሰብ ከጭንቀት ብዛት ይህን ሲያስብ ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት።

የሥነ ልቦና አማካሪ ካገኙ፣ በመጠጡ ሥር ያለውን ጭንቀት፣ ሐዘን፣ የቆየ ጉዳት ለማየት ቦታው እዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰማ ድባቴ ለብዙዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። ካልቀለለ ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ሕይወትዎን ስለማጥፋት ማሰብ ከጀመሩ ግን ሳምንት አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት አጠገብዎ ላለ ሰው ይናገሩ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ብቻዎን አይደሩ።

ስምንተኛ፦ ከጠጡስ?

ቦብ ስሚዝ፣ ያ የአክሮኑ ሐኪም፣ ቢልን ካገኘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሐኪሞች ጉባኤ ሄዶ ሰክሮ ተመልሷል። ማኅበሩ የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ቦብ የመጨረሻውን መጠጥ ከጠጣበት ከሰኔ ወር መጀመሪያ ነው። ማለትም ታሪኩ ራሱ ውስጡ ግርሻ አለበት።

ከጠጡ ሁለተኛው ብርጭቆ ከመቀዳቱ በፊት ይደውሉ። ጠጥተው ከሆነም ሰክረውም ቢሆን ይደውሉ። «ነገ ስነጻ እደውላለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው አንድን ማታ ሦስት ወር የሚያደርገው። ነውሩ ይከብዳል፣ አውቀዋለሁ፤ ነውር ግን የሚያድገው ብቻ ሲሆኑ ነው። የምትሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ «ጠጣሁ፤ እዚህ ነኝ፤ ና።»

እንደገና ለብዙ ቀናት ከጠጡ ደግሞ እንደገና ሲያቆሙ በራስዎ አይሞክሩት። የማቋረጥ ሕመም በተደጋገመ ቁጥር እየከበደ ሊመጣ ይችላል፤ «ባለፈው ምንም አልሆንኩም» ማለት ለዚህኛው ዋስትና አይሆንም። ወደ አንደኛው እርምጃ፣ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ከዚያ ከሚያምኑት ሰው ጋር ተቀምጠው ያቺን ቀን ወደ ኋላ ይተርኳት፦ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነበር? ከማን ጋር ተጣልተው ነበር? ምን ሳይበሉ ቆዩ? ለማን መደወል ነበረብዎት፣ ለምን አልደወሉም? ከዚህ ውይይት አንድ ነገር ይወጣል፤ ወይ አንድ ስም ከወረቀቱ ይፋቃል፣ ወይ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል።

ሌላ ሰው ሲደውልልዎት

ይህ ከሚያስቡት ቀድሞ ይመጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር፣ ከእርስዎ በኋላ የመጣ ሰው በስብሰባው መጨረሻ ቀርቦ ቁጥርዎን ይጠይቃል። ይስጡት። ሲደውል ያንሱ፤ ያደረጉትን ይንገሩት፤ ወደ ስብሰባው አብረውት ይሂዱ። ሰክሮ ካለበት ቦታ ብቻዎን ሄደው ለማውጣት ግን አይሞክሩ፤ መጠጥ ወዳለበት ቤት የሚገባው ሌላ፣ የቆየ ሰው ይሁን፤ የግድ ከሆነም ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ገንዘብ ከጠየቀ ገንዘብ ሳይሆን ምግብና የስብሰባውን አድራሻ ይስጡት። እጁ ክፉኛ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ያልሆነ ነገር የሚያይ ከመሰለ ምክሩ ይቆየውና ሐኪም ቤት ይውሰዱት፤ የመጨረሻውን ብርጭቆ መቼ እንደጠጣ መንገድ ላይ ይጠይቁትና ሰዓቱን ለሐኪሙ ይንገሩ። ከዚያ ማታውን ለራስዎ ሰው ይደውሉና እንዴት እንደዋሉ ይንገሩት።